አምፕሊፋየር ለቤተሰብ የምትልኩ እህቶች ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ እዩ

እኔ ጅዳ ነኝ።

ታናሽ ወንድሜ ኮምቦልቻ ሻይ ቤት ከፍቷል። ላፕቶፑን እኔ ላክሁለት፣ ሁለት አሮጌ ስፒከር ደግሞ እሱ በርካሽ ገዛ። ግን ከላፕቶፑ የኢርፎን ቀዳዳ የሚወጣው ድምፅ ለጆሮ እንጂ ለስፒከር አይበቃም፤ መሃል ላይ አምፕሊፋየር ያስፈልጋል። «እህቴ ትልቁን ላኪልኝ፣ ደንበኛ የሚመጣው በድምፅ ነው» አለኝ። ትልቁ ያለው እኮ 700 ሪያል ነው! ከደሞዜ ለእናቴ መድኃኒት የሚተርፍ የለም ማለት ነው።

አርብ ወጣሁና ሱቅ ገባሁ። ካርቶኑ ላይ 3000 ዋት ፒኤምፒኦ ይላል። ገልብጬ ጀርባውን ሳየው የሚበላው መብራት 150 ዋት ነው። 150 እየበላ 3000 ከየት ያመጣል? ፒኤምፒኦ የሚሉት ለገበያ የተጋነነ ቁጥር ነው፤ የሚታመነው አርኤምኤስ የሚለው ነው። ደግሞ 110 ቮልት ብቻ ነበር። ረመዳን ላይ መካ የማዳም እናት ቤት እንሄዳለን፤ ቤቱ አሮጌ ስለሆነ የ110ም የ220ም ሶኬት አለው። የማዳም ልጅ የ110 ጁስ መፍጫ 220 ላይ ሰክቶ ሲጨስ በዓይኔ አይቻለሁ። የኛ አገር 220 ነው፣ ስለዚህ ተውኩት።

ወንድሜን የስፒከሮቹን ጀርባ ፎቶ አንስተህ በኢሞ ላክ አልኩት። 8 ኦም፣ 50 ዋት ይላል። ከዛ በእጅ የምትያዝ ትንሽ አምፕ አገኘሁ፣ ከ4 እስከ 8 ኦም ትችላለች። አዳፕተሯ ላይ መግቢያው 100-240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ፣ መውጫው 24 ቮልት 5 አምፒር ተጽፏል። ሲባዛ 120 ዋት ነው። አስረኛ ክፍል ፊዚክስ ተምረነው የለ፣ ጅዳ ሱቅ ውስጥ ይጠቅመኛል ብዬ ግን መች አሰብኩ! በ8 ኦም ለእያንዳንዱ ስፒከር ወደ 30 ዋት ትሰጣለች፣ ለሻይ ቤት በቂ ነው። ለሰርግ ድንኳን ቢሆን አይበቃም። 130 ሪያል ከፈልኩ።

ፎቶዋን ሲያይ «ይሄማ የሻይ ብርጭቆ ታክላለች» ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። እናቴ መድኃኒቷን ገዛች።

በካርጎ ደርሳ ሲከፍታት በኢሞ አሰማኝ፣ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ነበር። አሁን ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ሲሆን ብቻ ዝዝዝ የሚል ድምፅ አለ፤ ቻርጀሩን ሲነቅለው ይጠፋል። መፍትሔውን የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ማታ ስራ ስጨርስ አነበዋለሁ።