መቻል

ውሻውን «መቻል» ብሎ የሰየመው ማን እንደሆነ በሰፈሩ የሚያውቅ የለም። ስምና ጠባይ ግን አልተገናኙም ነበር። ጉለሌ ውስጥ በአንድ ግቢ፣ ከቆርቆሮው አጥር ጥግ፣ ሁለት ክንድ በማትሞላ ሰንሰለት ታስሮ ያደገ ነው። በእግር ኮቴ ሁሉ ላይ ይጮኻል፤ ሰንሰለቱ ባጠረ መጠን ቁጣው ይረዝማል። ጩኸቱን ንቃት፣ ጸጥታን ስንፍና አድርጎ የሚቈጥረው ሰው ብዙ ነውና፣ ባለቤቶቹ በዚህ ይኮሩ ነበር።

በሰኔ መግቢያ አንድ ማለዳ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ውሻው ወተት ልታደርስ የመጣችውን ልጅ ባቷን ነከሳት። ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በውሃ ሩብ ሰዓት ያህል ታጠበ፤ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌውንም በየቀጠሮው ተወጋች። ውሻው 10 ቀን ተጠብቆ ጤነኛ መሆኑ ቢታወቅም፣ «ይወገድ» የሚል ፍርድ ተሰጠ።

ያን ጊዜ የግቢው ዘበኛ፣ ጠጕራቸው የሸበተ አዛውንት፣ «እትዬ፣ አንድ ክረምት ይስጡኝ» አሉ። «ያስተማርነውን ነው የመለሰልን።»

እመቤቲቱ ዝም ብለው ቈዩና፣ «እሺ አባባ፤ እስከ መስቀል ብቻ» ሲሉ መለሱ።

አዛውንቱ የኢቫን ፓቭሎቭን ስም ሰምተው አያውቁም። ሩሲያዊው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤልን ሽልማት የተቀዳጀው በምግብ መፈጨት ጥናቱ ሲሆን፣ ውሾች ገና ምግቡ ሳይቀርብላቸው፣ መምጣቱን የሚያበሥረውን ምልክት ብቻ ዐውቀው ምራቃቸው እንደሚፈስ ገልጧል። ዘበኛው ግን ይህንኑ መንገድ በቁራሽ ሳንባ ደረሱበት። ውሻውን በረጅም ገመድ ይዘው፣ ሌላ ሰው ከሩቅ እንዲቆም ያደርጋሉ። ውሻው አይቶ ዝም ባለባት ቅጽበት ሳንባዋ ትሰጠዋለች። በማግሥቱ ሰውየው አንድ እርምጃ ይጠጋል። ውሻው ከጮኸ አይመታም፤ ሰውየው ወደ ኋላ ይመለሳል እንጂ።

አንድ ቀን የቤቱ ልጅ ውሻውን «ና!» ብሎ ጠርቶ፣ ሲመጣለት በጫማ መታው። አዛውንቱ ተቈጡ። «ልጄ፣ ጠርተህ ከመታኸው፣ ‹ና› ማለት ‹ሽሽ› ማለት ይሆንበታል። የሚያምነው ቃል አንድ እንኳ ይቅርለት።» ከዚያ ወዲህ «ና» የምትባለው ቃል ያለ ምግብ ወይም ያለ እሽታ አልተነገረችም።

መስቀል ደረሰ። ልጅቱ ወተቷን ይዛ በበሩ ገባች። ውሻው ጆሮውን አቆመ፤ ዞሮ የአዛውንቱን ፊት አየ፤ ተቀመጠም። እመቤቲቱም ፍርዳቸውን አነሡ።

ልጅቱ ግን ወተቱን አስረክባ፣ ዐይኗን ከውሻው ሳትነቅል ወደ ኋላ እየተራመደች ወጣች። አዛውንቱ ይህን አስተዋሉ። በማግሥቱ ገመዱን ጠበቅ አድርገው ይዘው፣ «አይዞሽ ልጄ፤ ከፈለግሽው ቦታ ቁሚ» አሏት። ከበሩ ውጭ ቆመች። በሦስተኛው ቀን አንዲት እርምጃ ገባች። ርቀቱን የምትወስነው እርሷ ነበረች፤ አዛውንቱም አላቻኰሏትም።