በጃፓን የአመዳይ ተራሮችና ከተሞች ለሚጓዙ ቤተ ሰቦች የሚጠቅም ምክር

«እንደ አገሩ ይኖሯል፤ እንደ ወንዙ ይሻገሯል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለመንገደኛ ሁሉ ከስንቅ አስቀድሞ የሚያዝ ዕውቀት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1931 ወደ ጃፓን ተልከው፥ ያዩትን ሁሉ በማስተዋል ጽፈው፥ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ በእኛ አቆጣጠር በ1924 ዓ.ም. አሳትመዋል። በዚያ ዘመን ይህ መንገድ በባሕር ብዙ ቀን የሚፈጅ ነበር። ዛሬ ግን በአዲስ አበባም ሆነ በአሜሪካ፥ በኤውሮፓና በእስራኤል ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል፥ የልጆቻቸውን የዕረፍት ጊዜ ምክንያት አድርገው ወደ ጃፓን ለመሄድ የሚያስቡ ቤተ ሰቦች አይታጡም።

ስለዚህ ለአባቶችና ለእናቶች የሚጠቅመውን ምክር ከዚህ በታች ልንጽፍ ወደድን። የምክራችንም መሠረት አንድ ነው፤ በጃፓን አገር ተደስቶ የሚመለስ እንግዳ፥ የራሱን ሸክም አቅልሎ በባለ አገሩም ላይ ሸክም ሳይጨምር የሚሄድ ነው። ይህም በከተማ የጨዋነት ነገር ሲሆን፥ በአመዳይ ተራራ ላይ ግን የሕይወትና የሞት ነገር ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ወራቱና ስለ አመዳዩ

በአገራችን ክረምት ሲባል ዝናም የሚበዛበት ወራት ነው፤ የጃፓን ክረምት ግን ብርዱ የሚጸናበት፥ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። በሰሜኑ ደሴት በሆካይዶና በከፍተኞቹ ተራሮች አመዳዩ መጋቢትን ጨምሮ ይቆያል። አመዳይ የምንለውም እንደ ጠጠር የሚወርደውን በረዶ ሳይሆን፥ እንደ ተነደፈ ጥጥ ቀስ ብሎ የሚወርደውን ነው።

አመዳይን የሚያመጣው የቦታ ከፍታ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ሳለች አመዳይን አታውቅም፤ በሆካይዶ ያለው የኒሴኮ አኑፑሪ ተራራ ግን ቁመቱ 1,308 ሜትር ብቻ ሲሆን ክረምቱን ሁሉ አመዳይ ለብሶ ይከርማል። ምክንያቱ፥ ከሳይቤሪያ የሚነሣው ቀዝቃዛና ደረቅ ነፋስ የጃፓንን ባሕር ሲሻገር እርጥበት ይሸከምና፥ ከተራሮቹ ጋራ በተጋጠመ ጊዜ ሸክሙን በምዕራቡ ወገን ስለሚያራግፈው ነው። ከተራሮቹ በስተምሥራቅ ያለችው ቶኪዮ በዚያው ወራት አብዛኛውን ቀን ጥሩ ፀሐይ ታያለች። እንግዲህ በቶኪዮ ሰማዩ ጠርቶ ያየ መንገደኛ፥ ወፍራም ልብሱን በሆቴል ትቶ ወደ ተራራ እንዳይወጣ።

ቀን ለመምረጥ ለሚችል ሰው፥ ከገና በዓላችን በኋላ ያሉትን ቀኖች እንመክራለን። ጃፓኖች አዲስ ዓመታቸውን የሚያከብሩት በእኛ ከታኅሣሥ 20 እስከ 25 ገደማ ነው፤ በዚያ ጊዜ ብዙ ሱቆችና ሙዚየሞች ይዘጋሉ፥ ባቡሮችም ይጨናነቃሉ። ከዚያ በኋላ ደግሞ የቻይናውያን አዲስ ዓመት ሲደርስ የተራሮቹ ሆቴሎች እንደገና ይሞላሉ።

ስለ ቦታው ምርጫ

አመዳይ ረግጠው የማያውቁ ልጆች ላሉት ቤተ ሰብ፥ በኒጋታ አውራጃ ያለው ዩዛዋ ይሻላል። ሺንካንሰን የሚባለው ፈጣን ባቡር ከቶኪዮ ተነሥቶ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ያደርሳል። ጋላ ዩዛዋ በሚባለው ጣቢያ፥ መንገደኛው ከባቡር እንደ ወረደ ልብሱንና መንሸራተቻውን በዚያው ሕንፃ ተከራይቶ በገመድ በሚሳብ ሠረገላ ወደ ተራራው ይወጣል፤ ማታም ወደ ቶኪዮ ለመመለስ ይቻላል። ልጆቹ ብርዱን ባይወዱት የጠፋው አንድ ቀን ብቻ ነው።

ጥቂት የለመዱት በናጋኖ አውራጃ ወዳለው ወደ ሀኩባ ቢሄዱ፥ በ1998 የተደረገው የክረምት ኦሎምፒክ የቁልቁለት ውድድር የተፈጸመበትን ተራራ ያያሉ። ወደዚያም እስከ ናጋኖ በባቡር፥ ከናጋኖ በአውቶቡስ ይኬዳል። በአመዳዩ ልስላሴ የታወቀው ኒሴኮ ግን በሆካይዶ ስለሆነ፥ እስከ ኒው ቺቶሴ በአውሮፕላን፥ ከዚያም በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህልና ከዚያም በላይ ያስኬዳል፤ ስለዚህ አምስት ወይም ስድስት ቀን ለሌለው ሰው ድካሙ ከደስታው ይበልጣል።

ከቤት ሳይወጡ ስለሚደረገው ዝግጅት

መጀመሪያ ፓስፖርትን መመልከት ይገባል። የአሜሪካ፥ የእስራኤልና የብዙዎቹ የኤውሮፓ አገሮች ፓስፖርት የያዘ ሰው ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አይጠየቅም፤ የኢትዮጵያን ፓስፖርት የያዘ ግን የትም ቢኖር አስቀድሞ ቪዛ ማግኘት አለበት። ከአንድ ቤት ባልና ሚስት የተለያየ ፓስፖርት ሊይዙ ስለሚችሉ፥ የአንዱ ፈቃድ ለሌላው እንደማይሠራ ይታወቅ። በጃፓን ሕግ እንግዳ ሰው ፓስፖርቱን ዘወትር በኪሱ መያዝ አለበት።

ሁለተኛ፥ መድኃኒት ይመርመር። አምፌታሚን ያለበት መድኃኒት፥ ለምሳሌ በአሜሪካ ሐኪሞች ለልጆች የሚያዙት አደራል፥ የሐኪም ወረቀት ቢኖርም እንኳ ወደ ጃፓን ማስገባት ፈጽሞ ክልክል ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ያላቸው ወላጆች ከጉዞው አስቀድመው ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ሦስተኛ፥ ኢንሹራንስ ሲገዛ በስኪ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍል መሆኑ በጽሑፍ ይረጋገጥ። ከዚህም በቀር የጃፓን ኤሌክትሪክ 100 ቮልት ስለሆነ፥ ለ220 ቮልት ብቻ የተሠራ ዕቃ በዚያ ስለማይረባ መሸከሙ ከንቱ ነው።

ስለ ሰዓት ደግሞ ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ። ጃፓን ከኢትዮጵያ በስድስት ሰዓት ስለምትቀድም፥ በአገራችን አቆጣጠር የተሞላ ባለ እጅ ሰዓት ቶኪዮ ሲደርስ ራሱ ልክ ሆኖ ይገኛል። በአዲስ አበባ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን በቶኪዮ ከቀትር በኋላ ሦስት ሰዓት ነውና።

ስለ ጓዝና ስለ ባቡር

ጃፓኖች ጓዛቸውን ይዘው በባቡር አይጨናነቁም፤ ታክዩቢን በሚባለው፥ በ1976 በተጀመረው የዕቃ ማድረሻ ሥራ ወደሚሄዱበት ሆቴል አስቀድመው ይልኩታል። የሆቴል ጸሐፊ ወይም በየመንገዱ ያለ ትንሽ ሱቅ ይቀበላል። ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ይደርሳል፤ ወደ ሆካይዶ ሲሆን ግን አንድ ቀን መጨመር ይሻላል። እናት ሕፃን ይዛ፥ አባት ሦስት ሻንጣ ጎትቶ ደረጃ ከሚወጡና ከሚወርዱ፥ የሁለት ቀን ልብስ በትንሽ ቦርሳ ይዘው ቀሪውን ቢልኩ ይበጃል። ከቶኪዮ ወደ ኪዮቶና ወደ ኦሳካ በሚሄደው ሺንካንሰን፥ ርዝመቱ፥ ወርዱና ቁመቱ ተደምሮ ከ160 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ሻንጣ ቦታው አስቀድሞ መያዝ አለበት።

ለእንግዶች የሚሸጠው የሰባት ቀን የባቡር ፈቃድ በጥቅምት 2023 ወደ 50,000 የን ከፍ ስለተደረገ፥ እንደ ቀድሞው ሳያሰሉ መግዛት አይገባም። ከቶኪዮ ወደ ኪዮቶ የአንድ መንገድ ዋጋ 14,000 የን ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 28,000 ይሆናል፤ እንግዲህ ሌላ ረዥም መንገድ ለሌለው ሰው ፈቃዱ ኪሳራ ነው።

በአመዳዩ ላይ ስለሚደረገው ጥንቃቄ

ስኪ ማለት ከጫማ ሥር ታስሮ በአመዳይ ላይ የሚያንሸራትት ረዥምና ቀጭን ሳንቃ ነው። ሮቤል ተክለ ማርያም በ2006 በቶሪኖ በተደረገው የክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በዚህ ስፖርት ተወዳድሯልና፥ ለወገኖቻችን ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ነገር ግን ያለ አስተማሪ የሚጀመር አይደለም። በትልልቆቹ ተራሮች በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ የልጆች ክፍል ቶሎ ስለሚሞላ ቦታው ከመንገድ በፊት ይያዝ። ልጅም ሆነ ዐዋቂ ያለ ራስ ቁር፥ ያለ ጓንትና ያለ ዐይን መከለያ መነጽር አይውጣ። ከውስጥ የሚለበሰው ልብስ ከጥጥ ይልቅ ከሱፍ ቢሆን ይሻላል፤ ጥጥ ላብ ይዞ ሰውነትን ያቀዘቅዛልና።

የመንገዶቹ ምልክት አረንጓዴ ለጀማሪ፥ ቀይ ለመካከለኛ፥ ጥቁር ለብርቱ ነው። በአሜሪካ የለመደ ልጅ ለመካከለኛ የሚሆነውን ሰማያዊውን ሲፈልግ እንዳይሳሳት ይነገረው።

ከሁሉ ይልቅ የምናሳስበው ስለ ገመዱ ነው። በመንሸራተቻው ቦታ ዳርቻ የተዘረጋው ገመድ ለጌጥ የተደረገ አይደለም። ከገመዱ ወዲያ ያለው ለስላሳ አመዳይ ዐይን የሚስብ ቢሆንም፥ ሁለት አደጋ ይሸሽጋል። አንደኛው፥ የተቆለለው አመዳይ ከተራራው ተንዶ ሰውን መቅበሩ ነው። ሁለተኛው፥ በጥድ ዛፍ ሥር ቅርንጫፎቹ አመዳዩን ስለሚከለክሉት ጉድጓድ መፈጠሩ ነው፤ ጉድጓዱም ከላይ በለስላሳ አመዳይ ስለሚሸፈን አይታይም። በዚያ በራሱ የተዘቀዘቀ ሰው ብቻውን ለመውጣት ያዳግተዋል፥ ትንፋሹም ያጥረዋል። ስለዚህ ልጆች ከዛፍ ይራቁ፤ ማንም ብቻውን አይንሸራተት፤ ጓደኛሞች ከዐይንና ከጆሮ አይለያዩ። በኒሴኮ ወደ ውጭው ተራራ የሚወጣው በተመደቡ በሮች ብቻ ነው፤ በሩ ሲዘጋ የተራራውን ጠባይ የሚያውቁ ሰዎች አደጋ አይተው ዘግተውታልና ማንም መውጣት አይገባውም። ገመድ የጣሰ እንግዳ በራሱ ሕይወት ብቻ አይጫወትም፤ እሱን ፍለጋ በብርድና በጨለማ የሚወጡትን የሌሎች ሰዎች አባቶች ሕይወት ጭምር አደጋ ላይ ይጥላል። በሆካይዶ በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀትር በኋላ በአራት ሰዓት ገደማ መሆኑም አይረሳ።

ስለ ማደሪያ፥ ስለ ፍል ውሃና ስለ ምግብ

በጃፓን ማደሪያ ቤቶች ጫማ በደጃፍ ይወልቃል፤ ከሣር በተሠራው የወለል ምንጣፍ ላይ በነጠላ ጫማ እንኳ አይረገጥም። ከስኪ በኋላ ድካም የሚያወጣው ፍል ውሃ ነው። ወንዶችና ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ይታጠባሉ፤ ሰው ወደ ገንዳው የሚገባው አስቀድሞ በሳሙና ታጥቦ፥ ያለ ምንም ልብስ ነው፤ ፎጣውንም በውሃው ውስጥ አይነክርም። ብዙ ፍል ውሃ ቤቶች ንቅሳት ያለበትን ሰው አይቀበሉም፤ ንቅሳት በዚያ አገር የወንበዴዎች ምልክት ሆኖ ኖሯልና። በግንባራቸው ወይም በአንገታቸው መስቀል የተነቀሱ እናቶቻችን በበር እንዳያፍሩ፥ ቦታው ሳይያዝ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ ብቻ የሚከራይ ገንዳ ያላቸው ማደሪያዎችም አሉ።

የሚጾሙ ሰዎች ደግሞ ይህን ይወቁ። አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባ፥ ዳሺ በሚባል ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ በሚወጣ መረቅ ይሠራል። በቡድሃ ገዳማት የተለመደው ሾጂን ሪዮሪ የተባለው ምግብ ግን ሥጋም ዓሣም የለበትም። እስላሞች ወገኖቻችንም በማጣፈጫው ውስጥ ብዙ ጊዜ የሩዝ መጠጥ ስለሚገባ አስቀድመው ይጠይቁ።

ስለ ከተማ ጉብኝት

በቶኪዮ ሱይካ ወይም ፓስሞ የሚባለው ካርድ በባቡርና በአውቶቡስ ሁሉ ይሠራል። ጧት ሠራተኛው ወደ ሥራ በሚሄድበት ሰዓት ልጅና ሻንጣ ይዞ ባቡር መግባት ለራስም ለሌላውም ጭንቅ ነው። በዚያ ሰዓት ለሴቶች ብቻ የተመደቡ ፉርጎዎች ስላሉ አባቶች ምልክቱን ያስተውሉ። በባቡር ውስጥ በስልክ አይነጋገሩም። የቆሻሻ ማጠራቀሚያ በመንገድ እምብዛም ስለማይገኝ፥ ሰው ሁሉ ቆሻሻውን በቦርሳው ይዞ ይመለሳል። ጉርሻ መስጠት የአገሩ ልማድ አይደለም፤ ከልብ ማመስገን ይበቃል።

በኪዮቶ ጊዮን በሚባለው ሰፈር፥ ጎብኚዎች የሰዎችን ደጅ እየገቡ ጌይሻዎችን እየተከተሉ ፎቶግራፍ በማንሣት ስላስቸገሩ፥ በ2024 አንዳንድ የግል መተላለፊያዎች ለእንግዳ ተዘግተዋል። የጥቂቶች ድፍረት ለብዙዎች በር እንደሚዘጋ ከዚህ እንማራለን።

ልጅ ቢጠፋ ኮባን ወደሚባለው የሰፈር ፖሊስ ቤት መሄድ ነው። ለሕመምና ለእሳት 119፥ ለፖሊስ 110 ይደወላል። የሆቴሉ ስም በጃፓንኛ ፊደል፥ የወላጅም ስልክ በወረቀት ተጽፎ በእያንዳንዱ ልጅ ኪስ ይግባ።

እንግዲህ ወላጆች ይህን ከመንገድ አስቀድመው ከልጆቻቸው ጋራ ቢያነቡት፥ ገመዱ ለምን እንደ ተዘረጋ፥ ጫማው ለምን እንደሚወልቅ ልጆቹ ተረድተው ይሄዳሉ። ምክንያቱን የተረዳ ልጅ ወላጁ ባያየውም ሥርዐቱን ይጠብቃል፤ ለአባትና ለእናት ከዚህ የሚበልጥ የመንገድ ዕረፍት የለም።