ዳካታ ላይ የሳቅነው ሳቅ

የስፖርት ክበባችን ባለፈው ቅዳሜ ወደ ዳካታ ሸለቆ ስላደረገው ጉዞ ጻፉ በተባልነው መሠረት እነሆ ብለናል። ስለ አለቱም ስለ ራሳችንም እንጽፋለን። የራሳችንን ክፍል ስታነቡ አትፍረዱብን አንልም።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሸዋ በር ተሰባስበን ተነሣን። መኪናው በጅጅጋ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባቢሌ አደረሰን። ባቢሌ ደርሶ ለውዝ ሳይገዛ የሚያልፍ የለምና ኪሳችንን ሞላን። ከከተማዋ አለፍ እንዳልን ሸለቆው ጀመረ። እንዴ! ቤት የሚያክል ድንጋይ በሌላ ድንጋይ ጫፍ ላይ ጉብ ብሎ ስናይ «ማን አስቀመጠው?» ያላለ አልነበረም።

መምህራችን ሲያስረዱን፣ ግራናይቱ ከመሬት በታች ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ አለት ነው። ኋላ ቁልቁልም አግድምም ተሰነጣጠቀ፤ ውሃ በስንጥቁ እየገባ አበሰበሰው። ማዕዘኑ ከሁለትና ከሦስት ወገን ስለሚጠቃ ቀድሞ አልቆ ድንጋዩ ድቡልቡል ሆነ። አፈሩን ጎርፍ ሲያጥበው ጠንካራው እንደተደራረበ ቀረ።

አለት መውጣት ላገራችን እንግዳ አይደለም። ትግራይ ውስጥ ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣ ሰው 15 ሜትር ያህል ገደል በጠፍር ገመድ ተንጠላጥሎ ነው። በዓለምም በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ አለት መውጣት ለመጀመሪያ ጊዜ የውድድር ዓይነት ሆኗል። እኛ ግን ጀማሪዎች ነንና ያለ ገመድ፣ ዝቅ ዝቅ ባሉ ድንጋዮች ላይ ነበር የተለማመድነው። የጀጎል ግንብ 4 ሜትር ያህል ቢቆም የኛዎቹ የዚያ ግማሽ ቢሆኑ ነው።

መምህራችን ትእዛዝ ሰጡን። ተደራርበው የቆሙትን ማንም እንዳይነካ። ማንም ከመውጣቱ በፊት የሚወርድበትን ይይ። ያላየነው ስንጥቅ ውስጥ እጅ አይገባም፤ እባብ ይኖራል። ከታች የቆሙት እጃቸውን ዘርግተው የሚወጣውን ወገብ ይጠብቁ፤ ቢወድቅ በእግሩ እንዲያርፍ ያቀኑታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ክብደታችሁ በእግራችሁ ላይ ይሁን» አሉ። ሰው ሲፈራ አለቱን ያቅፋል፤ ሲያቅፍ ክብደቱ ከእግሩ ላይ ይነሣና ጫማው ይንሸራተታል።

ይህን ሁሉ «እሺ» ብለን ሰማን። ከዚያ ከመካከላችን አንዷ ወጣች። ሁለት እርምጃ እንደሄደች ደረቷን አለቱ ላይ ለጥፋ ቀረች። ወደ ላይም የለ፣ ወደ ታችም የለ። አንዳችን «እንሽላሊት መሰለች!» አለ፤ ሁላችንም ሳቅን። የሳቅነው ደግሞ ከታች እንድንጠብቃት የቆምነው ነን። እጃችን ወገቧን መጠበቁን ትቶ ሆዳችንን ይዞ ነበር። በዚህ መካከል እግሯ ሸተት አለ።

ጉድ ሊፈላ ነበር። ያዳናት ከኛ አንዱ አልነበረም። ፍየል የሚጠብቅ፣ ዐሥር ዓመት የማይሞላው፣ ጫማ ያላደረገ ልጅ ከጎኗ ወጣ። «ሱታ፣ ሱታ» አላት፤ በኦሮምኛ «በዝግታ» ማለት ነው። የራሱን እግር አንድ ቦታ አሳረፈ፤ ወዲያው አንሥቶ ቦታውን ለቀቀላት። እሷም እዚያው ረገጠች። ሌላ ቦታ አሳየ፤ ረገጠች። እንዲህ እያለ አወረዳት። ከዚያ ወደ ፍየሎቹ ሄደ። ያቀረብንለትን ለውዝ እንኳ የተቀበለው ግማሹን ነው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ስንት ጊዜ ለፈተና ጽፈነዋል! ያን ቀን ግን የገባው ልጁ ነበር።

በመመለሻችን መኪናው ውስጥ ዘፈን አልነበረም። ጓደኛችን መስኮት ይዛ ተቀምጣ፣ ስንጠይቃት «እናንተ ስትስቁ እግሬ ጠፋኝ» አለች። ሌላ ምንም አልተናገረች።

በቅርቡ ለማስተማር ልምምድ ወደየትምህርት ቤቱ እንበተናለን። ጠመኔ ጨብጦ ሰሌዳው ፊት ደርቆ የሚቀር ልጅ ማግኘታችን አይቀርም። ክፍሉ ይስቃል፤ ልጅ ነውና ያስቀዋል። ያኔ እኛ የትኛው ዘንድ ነን? ዳካታ ላይ የትኛው ዘንድ እንደነበርን አይተናል። ዲፕሎማው ብቻውን እንደማይለውጠንም እንፈራለን።

ይህን ጽሑፍ ከመለጠፋችን በፊት ጓደኛችንን አስነብበናት ፈቅዳለች። «ሳቃችሁን ሳትቀንሱ ጻፉት» ነው ያለችው። በሰው ፊት የሳቅን በሰው ፊት ይቅርታ መጠየቅ ይገባናልና፣ እህታችን፣ ይቅር በይን። ክበቡ በሚመጣው ወር ዳግመኛ ሲሄድ እሷም እንደምትወጣ ነግራናለች። ከታች የምንቆመው እኛው ነን፤ እጃችንም ቦታው ላይ ይሆናል።

ከስፖርት ክበብ አባላት