ሌላ ዓሣ ከመግዛታችን በፊት

በመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚዋኙ ወርቃማ ዓሦችን ያየ ልጅ ካልተገዛልኝ ብሎ ማስቸገሩ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በብዙ ቤት ዓሣው ብዙም ሳይቆይ ይሞትና «አታልቅስ፣ ሌላ እንገዛልሃለን» ይባላል። ልጁ ከዚህ የሚማረው ምንድን ነው? ሕይወት ያለው ነገር እንደ ተሰበረ ብርጭቆ የሚተካ መሆኑን አይደለምን?

በእኔ ቤት ከሁለቱ ዓሦች አንዱ በሞተ ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ሌላ እንዲገዛላት አልጠየቀችም። «የቀረውስ ለምንድን ነው አፉን ከውሃው በላይ እያወጣ የሚያዛጋው?» አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። ዓሣ የሚተነፍሰው በውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ሲሆን፣ የቆመ ውሃ ከአየር የሚያገኘው ጥቂት ነው። በተለይ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ውሃው የሚይዘው ኦክሲጅን በእኩል ሙቀት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። በዚህ ላይ ከዓሣው የሚወጣው አሞኒያ ውሃውን ይመርዘዋል።

ስለዚህ ውሃውን የሚያንቀሳቅስና የሚያጣራ መሣሪያ እናትና ልጅ ሆነን ሠራን። የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ከወገቡ ቆርጠን የታችኛውን ክፍል ወሰድን። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከሚያልፍበት ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ አንድ ቁራጭ አመጣን፤ ውሃ እንዲያስገባ የታችኛውን ጫፍ ሸረፍ ሸረፍ አድርገን በጠርሙሱ መካከል አቆምነው። ዙሪያውን በታጠበ ጠጠር ሞልተን፣ ከላዩ ሳሙና ያልነካው አዲስ ስፖንጅ ደለደልንበት። ከትንሽ የአየር ፓምፕ የሚመጣውን ቀጭን ቱቦም በወፍራሙ ቱቦ ውስጥ እስከ ታች ድረስ አስገባን። የአየሩ አረፋ ሽቅብ ሲወጣ ውሃውን ይዞት ይወጣል፤ በምትኩም የገንዳው ውሃ በስፖንጁና በጠጠሩ እየተጣራ ይወርዳል። ደህና ገንዘብ የወጣበት ፓምፑ ብቻ ነው።

እናቶች ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። መብራት ሲጠፋ ውሃ በቱቦው ተመልሶ እንዳይገባበት ፓምፑ ከውሃው ወለል ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ጠብታ ወደ ሶኬቱ እንዳይደርስ ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይርገብ። እጅ ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊትም ኤሌክትሪኩ ይነቀል፤ ይህን ለልጅ መተው አይገባም።

አሞኒያውን የሚለውጡት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች በስፖንጁና በጠጠሩ ላይ እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያህል ይፈጃል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስለሚገድላቸው ስፖንጁ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ብቻ ይጨመቅ። በየሳምንቱ የውሃውን ሩብ ያህል አውጥቶ፣ ለ24 ሰዓት ክፍት ሆኖ በቆየ የቧንቧ ውሃ መተካት ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ ደጋግሞ መለወጥ ይበጃል።

መብራት በጠፋ ቁጥር ልጄ ማንም ሳያዛት ውሃውን በኩባያ እየቀዳች ከከፍታ መልሳ ታንቆረቁረዋለች፤ ውሃው በዚህም አየር ያገኛል። ሌላ ዓሣ ገዝቼላት ቢሆን ኖሮ ይህን ኃላፊነት ከየት ትማረው ነበር? እንግዲህ እናቶች፣ ልጃችሁ ዓሣ ቢለምናችሁ መሣሪያውን አስቀድማችሁ አብራችሁ ሥሩ፤ ዓሣው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።