የጎደሬው ጨዋታ

ጥፋቴን ከትንሹ ልጀምር፣ ከቢጫው ጀሪካን።

ኢሉባቦር፣ ኡካ ውስጥ፣ ከእናቴ ቤት ጥቂት አለፍ ብሎ፣ እማማ እያልኳቸው ያደግኩ ሴት ይኖራሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ አንዴ ያላግባብ ተጠቅሜበታለሁ። ካሜራ ይዤ የሄድኩ ዕለት ውኃ በጀሪካን ቀድተው ሲመለሱ አገኘኋቸው። ጀሪካኑ ለዓይኔ አልጣመኝም። ከጎረቤት እንስራ አስመጥቼ "እማማ፣ በዚህ አንዴ ይመላለሱልኝ" አልኩ። "እንስራ ከተውኩ ስንት ዘመኔ! ወገቤን ልትቆርጠው ነው እንዴ?" ብለው ሳቁና አዘሉት። አንዴ ያልኩት ሦስት ጊዜ ሆነ።

የቆርቆሮ ቤታቸውን ትቼ ጓሮ ያለችውን የሣር ክዳን ማድ ቤት መኖሪያ አስመሰልኳት። አዲሱን ሻሽ አስፈትቼ አሮጌውን አሳሰርኩ። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን የሶላር መብራት በገዛ እጄ አውርጄ አልጋ ሥር ከተትኩ። ይህን ሁሉ ሳደርግ አንዴም ውሸት እየሠራሁ ነው አላልኩም። "ድባብ" ነበር የምለው። ሙያው ለሁሉም ነገር ስም አያጣለትም።

አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ ያሳበደኝ የእንግሊዞች ፊልም ነው፤ ትልልቁ ሳይሆን በትንሽ ገንዘብ የሚሠራው፣ አጫጭሩና ዘጋቢው። ጓደኞቼ የሆሊውድ ተኩስ በፍላሽ ሲቀባበሉ እኔ የአንድሪያ አርኖልድን "ዋስፕ" እደጋግም ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር 2003 የተሠራ፣ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ፣ በ2005 ኦስካር ያገኘ ፊልም ነው። አራት ልጆች ያሏት ችግረኛ እናት ልጆቿን ደጅ አስቀምጣ መጠጥ ቤት ውስጥ ከወንድ ጋር ትጫወታለች፤ በኋላ ተርብ ሕፃኑ አፍ ውስጥ ትገባለች። ሴትዮዋ ጥፋተኛ ናት፣ ለጠብ ፈጣን ናት፣ ልጆቿን ደግሞ ትወዳለች። ማንም እዘኑላት አይልም። ስንቴ እንዳየሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል፤ የሚገርመኝ ያን ሁሉ አይቼ አንድ ነገር አለመማሬ ነው።

ቀጥሎ "ብላክ ጎልድ" እጄ ገባ፣ የፍራንሲስ ወንድማማቾች ማርክና ኒክ በፈረንጆች 2006 ያወጡት። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎችን ዩኒየን ይመሩ የነበሩት አቶ ታደሰ መስቀላ፣ አንድ ሲኒ ቡና ፈረንጅ አገር ስንት እንደሚሸጥ ለገበሬዎቹ ሲነግሯቸው የገበሬዎቹን ፊት አየሁና "የኢሉባቦርን ቡና እንዲህ አድርጌ ካላሳየሁ!" ብዬ ፎከርኩ። ይቺን ፉከራ ያዙልኝ።

ሌላም ፉከራ ነበረኝ። ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን ያቀረበው የወሎ ረሃብ ፊልም በእኛ አገር የታየው አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ነው፤ ንጉሡ በማግስቱ ወረዱ። ደርግ ግን ፊልሙን እንዳለ አላሳየውም። በሚሞቱት ሰዎች መካከል የቤተ መንግሥቱን ድግስና ሥጋ የሚበሉ የንጉሡን ውሾች እየሰካ ነው ያሳየው። ረሃቡ እውነት ነው፣ ድግሱም እውነት ነው፤ አገጣጠሙ ግን የመቀስ ሥራ ነው። ይህን ተማሪ ፊት ቆሜ ሳወግዝ ድምፄ እስኪዘጋ ነበር።

እማማም የወሎ ሰው ናቸው፣ የየጁ። ማይክል በርክና ሞሐመድ አሚን ከኮረም የሠሩት የረሃብ ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን 1977 በቢቢሲ ወጥቶ ዓለም ሲያለቅስ እሳቸው እዚያው ኮረም መጠለያ ነበሩ። ከዚያ ሰፈራ መጣ። በዚያ ዓመትና በሚቀጥለው ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተጓጓዘ፣ ወዶም ተገዶም። ኢሉባቦር ከደረሳቸው ውስጥ ብዙዎቹ የገቡት "በስግሰጋ" ነው፤ ለብቻቸው መንደር ሳይቆረቆርላቸው በነባሩ ገበሬ መካከል፣ ነባሩ ጎጆ እየቀለሰላቸው።

በመጀመሪያው ቀን ቡና እያፈሉ 40 ደቂቃ አወሩኝ። ኮረምን በሁለት ዐረፍተ ነገር ነው ያለፉት። እዚያ ልጅ ቀብረዋል። "እሱስ ይለፍ" አሉና ወደ ጎደሬ ዞሩ። ኡካ በገቡ በሳምንቱ አንዲት የኦሮሞ ጎረቤት ቅርጫት ሙሉ ጎደሬ ትሰጣቸዋለች። ቋንቋ አይግባቡም። እማማና ሁለት የአገራቸው ሴቶች ድንች መስሏቸው ለብ ለብ አድርገው ይበሉታል። ጎደሬ በደንብ ካልበሰለ ምላስና ጉሮሮ ያሳክካል። ሦስቱም ምላሳቸውን አውጥተው እያከኩ "መርዝ አበላችን!" እያሉ ደጅ ወጥተው ሲጮኹ ጎረቤቲቱ ሮጣ መጣች። ነገሩ ሲገባት መሬት ላይ ዘጭ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ተነሥታ ድስቱን ራሷ ጣደች። "ይህን አገር የለመድነው ያን ቀን ነው" አሉኝ፤ ሲያወሩት ረከቦቱ እስኪነቃነቅ ይስቁ ነበር።

ያቺ ጎረቤት አያቴ ናት።

እኔ ግን ሰዓቴን እያየሁ ነበር። በማግስቱ ተመልሼ "እማማ፣ ኮረምን ብቻ እንደገና" አልኩ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። የቀበሩትን ልጅ ስም ጠየቅኳቸው። ያን ጊዜ አለቀሱ። እንባው ጉንጫቸው ላይ ሲወርድ ካሜራውን አስጠጋሁና በልቤ "እሰይ" አልኩ። ኑዛዜ ከተባለ ኑዛዜው ይቺ ቃል ናት፤ ሌላው ዝርዝር ነው።

የምቀርጸው ለውጭ አገር ውድድር ነበር፣ የሚፈለገውም ስለ ችግር የሚናገር የ12 ደቂቃ ፊልም። ጎደሬውን ቆረጥኩ። ቡናውንም ቆረጥኩ። ከቤታቸው ጀርባ በእጃቸው የተከሉት ቡና አለ፤ ወሩ ኅዳር ስለነበር ቅርንጫፉ በቀይ እሸት ጎብጧል፣ ማድረቂያው አልጋ ላይ ጀንፈል ተሰጥቷል። እጄን ይዘው ግንድ በግንድ አዙረውኛል፤ ይህ የመጀመሪያው ችግኝ፣ ይህ ትንሹ ልጄ የተወለደ ዓመት እያሉ። ቀርጬዋለሁ። ከእንባው አጠገብ ሳስቀምጠው ግን የደህና ሰው ጓሮ ሆኖ ታየኝ፤ እንባውን የሚያረክስብኝ መሰለኝ። የኢሉባቦርን ቡና ለዓለም አሳያለሁ ያለው ሰው ቡናውን አውጥቶ ጣለ።

ተጨበጨበልኝ።

ፊልሙን ወደ ኡካ ይዤው የሄድኩት ኮርቼ ነው፣ ይህንንም ልደብቅ አልፈልግም። ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት፤ ጎረቤት ተሰብስቧል፣ ፈንዲሻ ቀርቧል። እማማ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ተመለከቱ። ሲያልቅ የተነፈሰ ሰው የለም። የልጅ ልጃቸው፣ ያኔ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ወደ እኔ ዞሮ በኦሮምኛ "ቡኒ ኬኛ ሆ?" አለኝ፤ ቡናችንስ? መልስ ሲያጣ አያቱን አያቸው። እማማ "አብሽር፣ ልጄ" አሉ። ለእሱ ይሁን ለእኔ እስከዛሬ አልለየሁም። ቀጥለው "እንስራውን ለሰዎቹ መልሰሃል?" ብለው ጠየቁኝ።

መልሻለሁ። ሌላውን ለመመለስ ዓመታት ፈጀብኝ፤ ጀማሪ ነበርኩ፣ ደቂቃው አነሰ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው ስል ኖርኩ። ባለፈው ጥር ያን 40 ደቂቃና የቡናውን ጓሮ ሳልቆርጥ ሳልቀጥል ይዤ ሄድኩ። ልጁ አድጎ በሩን በቁመቱ ሞልቶ ቆሟል። ጎደሬው ላይ ስንደርስ ስክሪኑ ውስጥ ያሉት እማማና መደቡ ላይ የተቀመጡት እማማ እኩል ሳቁ፣ የስክሪኑ እማማ ገና ጥርሳቸው ሙሉ ነው። ቡናው ሲመጣ ልጁ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሎ አንዱን ግንድ በጣቱ ነካ፤ ደርቆ ተነቅሏል አለኝ።

ሲያልቅ እማማ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

"ይሄኛውን ለእነዚያ ሰዎች አሳየሃቸው?"

አላሳየኋቸውም።