ልጄ፣ ድመቷና እኔ

ዐሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ቤታችሁ ካለ የማጫውታችሁ ነገር እንግዳ አይሆንባችሁም። በቴሌግራም «ምሳ በላህ?» ብላችሁ ትጽፉለታላችሁ። መልሱ ድመት ናት። ሰሃን አጠገብ ተቀምጣ ዓይኗን የምታንከባልል፣ ሁለት ሰከንድ የማትሞላ ተንቀሳቃሽ ምስል። በልቻለሁ ማለቱ ነው? አልበላሁም? ወይስ «አትነዝንዢኝ»?

ድመቷን መፍታት አቅቶኝ ወራት አለፉ። ቤት ውስጥም ወሬያችን እየሳሳ ሄዶ «እሺ» እና «ምንም» ብቻ ቀሩን። አንድ ቅዳሜ ከቡና በኋላ ስልኬን ዘረጋሁለትና «እስኪ ይህን ነገር አስተምረኝ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «የምርሽን ነው እማ?» አለ። በዚያ ሳምንት ከነገረኝ ሁሉ ረጅሙ ንግግር ይህ ነበር።

ትምህርታችን በዚህ ተጀመረ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ። የመጀመሪያውን ሚም ሠርቼ ሳሳየው ሳቀብኝ። የልብስ ማጠቢያ ማሽናችንን ፎቶ አንስቼ፣ መብራት ስንት ሰዓት ላይ እንደጠፋ፣ ልብሱ እንዴት ሳሙና ውስጥ እንደቀረ፣ እኔም ምን ያህል እንደተናደድኩ በአራት መስመር ጽፌበት ነበር። «ሁሉንም አንቺ ከነገርሽኝ እኔ ምን ልሥራ?» አለኝ። አራቱን መስመር አጥፍቶ በሦስት ቃል ተካው፦ «መብራት ሲመጣ እንገናኝ»። የቀረውን የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ራሱ ይሞላዋል።

ነገሩ ለእኛ ባዕድ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰምና ወርቅ ነው። ሰሙ ፎቶው ላይ ይታያል፤ ወርቁ ያለው ተመልካቹ ልብ ውስጥ ነው። ተመልካቹ ጉዳዩን ካላወቀ ወርቁ አይገኝም።

የዛሬ ልጆች ፈጠራ ብቻም አይምሰላችሁ። «ሚም» የሚለውን ቃል የፈጠረው እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሪቻርድ ዶኪንስ ነው፤ በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከሰው ወደ ሰው እየተቀዳ የሚዛመትን ሐሳብ፣ ዜማ ወይም ፋሽን የሰየመበት ነው። ጂፍ የሚባለው የምስል ዓይነት ደግሞ ኮምፑሰርቭ በተባለ የአሜሪካ ድርጅት በ1987 እ.ኤ.አ. ተፈጠረ፤ ከእኔ በሁለት ዓመት ብቻ ያንሳል። ድምፅ የለውም፤ አንዱ ምስል ከ256 በላይ ቀለም አይዝም። እንዲህ ድሃ ሆኖ እስከ ዛሬ መኖሩ ገረመኝ።

«ጂፍ ዞሮ ዞሮ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ስለዚህ መጨረሻ የሌለው ነገር ፈልጊ» አለኝ መምህሬ። ፈለግሁ። ከጀበና ወደ ሲኒ ቡና ሲቀዳ ሦስት ሰከንድ ቀረጽኩ፤ ሲኒው ሊሞላ ሲል ቆረጥኩት። ይቀዳል፣ ይቀዳል፣ አይሞላም። ከሥሩ «ደሞዜ» ብዬ ጻፍኩበት። እህቶቼ በሳቅ ሞቱ። ልጄም «አለፍሽ» አለኝ።

ሰው የሚሳሳተው እንዲህ ሲመሰገን ነው። ከአልበም ውስጥ ልጄ በአራት ዓመቱ የተነሳውን ፎቶ አወጣሁ፤ አፉን ከፍቶ፣ ንፍጡ ወርዶ የሚያለቅስበትን። «ፈተናው ነገ ነው ሲሉኝ» ብዬ ጻፍኩና ለዘመዶቻችን ግሩፕ ላክሁት። ከሠራኋቸው ሁሉ ብዙ ሳቅ ያገኘው እሱ ነው። ያልነገርኳችሁ ግን አለ። ምስሉ እንዲያምርልኝ ጠርዙን ስከረክም አንድ ሻንጣ አብሮ ተቆርጧል። ልጄ ያን ዕለት ያለቀሰው አባቱ ለሥራ ክፍለ ሀገር ሊሄድ ሻንጣውን ሲያነሳ አይቶ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አባቱን ያየው በበዓል በበዓል ብቻ ነበር። ይህን የምናውቀው ሦስታችን ነን።

በሦስተኛው ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ፣ ሳያናግረኝ ክፍሉ ገብቶ ዘጋ። ከዘመድ ልጆች አንዱ ለጓደኛው፣ ጓደኛውም ለሌላ ጓደኛው ልኮት፣ ፎቶው የክፍል ጓደኞቹ ግሩፕ ደርሷል። ጽሑፉንም ቀይረውታል። ምን ብለው እንደጻፉ እዚህ አልደግመውም።

ከግሩፑ ሰረዝኩት፤ ዘመዶቼም እንዲያጠፉት ለመንኩ። ወደ ሌላ የተላለፈውን ግን ማን ይመልሰዋል? ከአፍ የወጣ አፋፍ። የልጄ በር ላይ ቆሜ «ይቅርታ» አልኩት። ያደግሁት ወላጅ ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ በማይሰማበት ቤት ነውና ቃሉ ከበደኝ። እሱ የመለሰልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ለምን አልጠየቅሽኝም?»

መልስ አልነበረኝም። በዚያ ሰሞን እንቅልፍ ሲያጣኝ፣ ጡጫውን ጨብጦ ስለሚታየው ዝነኛ ሕፃን አነበብኩ። ድል ለማለት ሲፈለግ ሁሉም የሚልከውን ፎቶ ታውቁት ይሆናል። ፎቶውን ያነሳችው እናቱ ናት፤ በ2007 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ፣ የባሕር ዳርቻ ላይ፣ በ11 ወሩ። ሕፃኑ አሸዋ ጨብጦ ሊበላ ነበር። እናትየው ያየችው አሸዋ ነው፤ ዓለም ያየው ድል። በ2015 አባቱ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲያስፈልገው፣ ያንን ፎቶ የሚያውቁ ብዙ የማያውቋቸው ሰዎች ገንዘብ አዋጡላቸው። ለእነሱ በደግ ወጣ። እኛ ቤት ደግሞ የልጄ እንባ መሳለቂያ ሆነ። በሁለቱም ግን ፎቶው ከቤት ሲወጣ ታሪኩ አብሮት አልወጣም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጂፍ ሠራሁ። መነጽሬ ራሴ ላይ ተሰክቶ፣ እኔ ጠረጴዛውን ሁሉ እየዳበስኩ ስፈልገው። ከሥሩ «ጥፋቴን ስፈልግ» ብዬ ጻፍኩ። ለእሱ ብቻ ላክሁለት። ቆይቶ፣ ከተዘጋው በር ወዲያ፣ ያቺው ድመት መጣች።

በዚህ ጊዜ ለመገመት አልሞከርኩም። በሩን አንኳኳሁና «ይህቺ ድመት ምን ማለቷ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

ከፈተልኝ። «ራበኝ ነው የምትለው እማ» አለ። «ሁልጊዜም ያው ነው።»

እናንተም ልጃችሁ ድመት ሲልክላችሁ አትናደዱ፤ «አስተምረኝ» በሉት። የእሱን ፎቶ የምትልኩ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁት። እኔ አሁን ድመቷ ስትመጣ ምጣዴን እጥዳለሁ።