የአባቴ ፍሬን

ቬስፓ በጣልያንኛ ተርብ ማለት ነው። አባቴ ያወረሰኝ ተርብ ግን መናደፏን ትታ ማቃሰት ከጀመረች ቆይታለች። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ድሬዳዋ ውስጥ ከአንድ ግሪክ ነጋዴ የገዛት ናት። ቀለሟ የጥንቱ፣ መቀመጫዋ የጥንቱ፣ መብራቷም የጥንቱ ነው። ሰው ሲያደንቃት "ሁሉም ነገሯ ኦሪጅናል ነው" እያልኩ ደረቴን እነፋለሁ። ይህ ደረት መንፋት ምን እንዳመጣብኝ ላውጋችሁ።

የፍሬኗን ሸራ አባቴ በገዛ እጁ የቀየረው በ1981 ዓ.ም.፣ እኔ ገና ጡት ሳልተው ነበር። ቀኑን ደብተሩ ላይ ጽፎታል። ከዚያ ወዲህ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ስለምትነዳ ሸራው ሰነበተ። እሱ ካረፈ በኋላ ፍሬኑ መያዙን ሲቀንስ "ካቦው ላልቶ ይሆናል" እያልኩ ዳዶውን ጠበቅ አደርጋለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ የአባቴ እጅ ያረፈበትን ፈትቶ መጣል አልሆን ብሎኝ ነው።

ባለፈው ጥር የዘጠኝ ዓመቱን የእህቴን ልጅ አፈናጥጬ ከሃሮማያ ወደ ድሬ ስወርድ ደንገጎ ላይ ደረስኩ። ደንገጎን የሚያውቅ ያውቀዋል። ለማያውቀው፣ ሃሮማያ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ገደማ። መንገዱ ያንን ሁሉ ልዩነት እየተጠማዘዘ ይወርደዋል። "በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ" ይለኝ ነበር አባቴ። ነገር ግን የቬስፓ ዘይት የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነውና፣ ጋዝ ዘግቶ ረጅም ቁልቁለት መውረድ ሞተሩን ዘይት ማስጠማት ነው። በየመሃሉ ጋዝ ነካ እያደረጉ ቀሪውን ለፍሬን መተው ግድ ይላል።

እኔም ተውኩለት። አንድ ጥምዝ ላይ ጭድ የጫነ አይሱዙ ከፊታችን እየተንፏቀቀ ነበር። ፔዳሉን ብረግጠው የረገጥኩትም አልመስል አለኝ። የፊተኛውን ስጨብጠው ብረት ከብረት ሲፋጭ ጮኸ እንጂ አልያዘም። ወደ አንደኛ ማርሽ መለስኳትና በተራራው በኩል ካለው ቦይ ውስጥ አስገባኋት። ልጁ ክርኑ ተላጠ። ያው አይሱዙ ከነቬስፓችን ጭኖ አደረሰን። ልጁ እስከ ቤት ድረስ ቃል አልተነፈሰም።

መካኒኩ የአባቴ ወዳጅ ነው። ሰባ ሊሞላው ነው፤ ድሬ አንቱታ ስለማታውቅ "አንተ" እለዋለሁ። ጎማውን አውልቆ፣ የመሃሉን ዳዶ ፈትቶ የኋላውን ታምቡር ሲስበው ጉዱ ወጣ። በሞላ የተያያዙት ሁለቱ ግማሽ ጨረቃዎች ሸራ ገና አላለቀም ነበር፤ ከማርሽ ሳጥኑ ባፈሰሰ ዘይት ግን ርሶ ጠቁሯል። የዘይት መያዣው ጎማ ደርቆ ተሰንጥቋል። የፊተኛው ሸራ ጭራሽ እስከ ብረቱ ተልጦ ታምቡሩ ላይ መስመር አውጥቶበታል። (ታምቡር፣ ሞላ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ቶርኖ... ጣልያን ጓዙን ጠቅልሎ ሲወጣ የጋራዡን መዝገበ ቃላት ረስቶልን ሄደ።)

ከዚያም የፊተኛውን ታምቡር ወደ አፉ አስጠግቶ አቧራውን እፍ ሊል ጉንጩን ነፋ። እጁን ያዝኩት። በዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ በአብዛኛው የሚሠራው ከአስቤስቶስ ነበር፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ካንሰር ያመጣል። ጣልያን ራሷ እ.ኤ.አ. በ1992 አግዳዋለች። ይህን ስነግረው ሳቀብኝ።

"አቦ፣ እኔ ሃምሳ ዓመት እፍ ብያለሁ። ምን ሆንኩ?"

በሽታው ከ20 እስከ 50 ዓመት ተደብቆ ሊቆይ እንደሚችል አንብቤያለሁ። ሂሳቡን በልቤ ሠራሁና አፌን ያዝኩ። ጨርቅ ውሃ ነክሬ ሰጠሁት፤ እያጉረመረመ ጠረገበት።

"የኋላው ብረት ደህና ነው" አለኝ ቆይቶ። "አሮጌውን ሸራ ፍቄ አዲስ ላልብስልሽ። ብረቱ የአባትሽ፣ ሸራው የአንቺ።"

እንዴት ያለ ፈተና ነው! እሺ ልል ከንፈሬ ተከፍቶ ነበር። መፋቅ ማለት ግን ያንኑ አቧራ ማንሳት ነው፤ የሚተነፍሰው ደግሞ እሱ። "ሙሉው አዲስ ይሁን" አልኩት። ቅር አለው፤ እኔንም ቅር አለኝ።

ሮም ያለች የአክስቴ ልጅ በሰው እጅ እስክትልክልኝ ሁለት ወር ፈጀ። የፊተኛው ታምቡር ቶርኖ ቤት ሄዶ ተስተካከለ፤ የዘይት መያዣውና ካቦዎቹ ተቀየሩ። አዲስ ሸራ ወዲያው አይይዝም፤ ከታምቡሩ ጋር እስኪላመድ ሁለት ቀን በከዚራ ዛፎች ሥር በዝግታ እየነዳሁ፣ ያዝ ለቀቅ ሳደርግ ዋልኩ። የእህቴ ልጅ ከበራፉ ቆሞ ያየኛል። ና ብለው እስካሁን እምቢ ብሏል።

የአባቴን ሸራዎች በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ በሁለት ፌስታል አስሬያቸዋለሁ። ከበረንዳው ጥግ አሉ።

ባለፈው ቅዳሜ በጋራዡ ደጃፍ ሳልፍ መካኒኩ የባጃጅ ታምቡር ይዞ ጉንጩን ነፍቶ ደረስኩበት። አየኝና ከጀሪካኑ ውሃ ጨርቁ ላይ አፈሰሰ። ከታጠፍኩ በኋላ ምን እንዳደረገ አላየሁም።